ኪሱ ያላለቀው ቦርሳ

ጎረቤቴን ሸራው እንለዋለን። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ያለ አይመስለኝም። ሸራ ሰፊ ነው፤ የእኔ የክርና የዚፕ ሱቅ ከእሱ ሱቅ ጋር አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ የስፌት መኪናው በተነሳ ቁጥር መደርደሪያዬ ላይ ያሉት የቁልፍ ብልቃጦች አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ለጭነት መኪና ልብስ ይሰፋል፣ ለሱቅ ደጃፍ ጥላ ይሰፋል፤ ስሙ የገነነው ግን በብስክሌት ቦርሳ ነው፤ ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ በሚንጠለጠለው።

ቦርሳው እንኳ ተሰፍቶ በየገበያው ይሸጣል። ሰው ገዝቶ ወደ ሸራው የሚያመጣው ኪስ እንዲጨምርለት ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ለመፍቻዎቹ፣ አዋላጇ ለመቀሷና ለጓንቷ፣ ዳቦ አመላላሹ ለዝናብ ልብሱ። ሸራው ታዲያ የራሱ ዘዴ አለው። ሰውየውን ብስክሌቱ ላይ ያስቀምጠውና መሪውን ይዞለት፣ "ዓይንህን ጨፍን" ይለዋል።

"አሁን ጠማህ። ውሃህን ፈልግ።"

ሰውየው እጁን ወደ ኋላ ይሰዳል። እጁ ያረፈበትን ቦታ ሸራው በጠመኔ ያከብበዋል።

"አሁን ደግሞ ዘነበ። ላስቲክህን አውጣ።"

እንዲህ እያለ ቦርሳውን በክብ በክብ ይሞላዋል፤ ኪሱ የሚሰፋው እዚያው ላይ ነው። ማዶ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ይህን ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። "ጋሼ ሸራው፣ ሰውየውን እያስጠማህ እያዘነብክበት ጨረስከው እኮ! ገና ሳይነሳ ደከመው!" ይላል። ሸራው ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። መልስ የሚወድ ሰው አይደለም። አዎ ማለት ይችላል፤ እምቢ ማለት ግን አንደበቱ ላይ አልተፈጠረም።

ሥራውን ሲሠራ ያየሁት ብዙ ነው። ወደ ፊት ያበጠ ኪስ የነጂውን ተረከዝ ስለሚመታ ወፍራሙን ኪስ ወደ ኋላ ያደርገዋል። ግራው ከቀኙ ከከበደ ብስክሌቱ ዳገት ላይ ይንገዳገዳል፤ ስለዚህ አንድ ኪስ እዚህ ከጨመረ እዚያም አቻውን ይፈልግለታል። ለመታወቂያና ለዋዛ የማይተው ነገር የሚሆነውን ኪስ ጎማው በኩል፣ ሌባ እጁ በማይደርስበት ይሰፋዋል። አልቆ በተዘጋ ቦርሳ ላይ አዲስ ኪስ ለመጨመር ደግሞ የጎኑ ስፌት መፈታት አለበት፤ ኪስ የሚሰፋው ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ብቻ ነዋ። ያንን ጎን ደጋግሞ መፍታት ግን ቦርሳውን ይጎዳዋል፤ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ክሩ ሲወጣም ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ነበሩት ማለቴን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አሉት።

ታላቁ ወደ ወደቡ ለመሄድ ሲነሳ ሸራው የሰፋለት ቦርሳ በሰፈራችን ተወርቶለታል። ከመርከብ የሚወርደውን ዕቃ በብስክሌት ወደ መጋዘን የሚያመላልሱ ወጣቶች ይፈለጋሉ ይባል ነበር፤ የራሱን ብስክሌት ይዞ ለመጣ ሥራው ዝግጁ ነው። አውቶቡሶቹ ብስክሌት አንጭንም ስለሚሉ ልጆቹ የሚሄዱት እየነዱ ነው። መንገዱ ከተማችንን ለቆ ትንሽ እንደሄደ ረጅም ደረቅ ሜዳ ውስጥ ይገባል። ቤት የለበት፣ ዛፍ የለበት፤ የሚያልፉበት የጭነት መኪኖች ናቸው።

ሸራው ያኔ ደስ ብሎት ነበር። ልጁን ብስክሌት ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ሲያስጨፍነው ሁላችንም ከየሱቃችን ወጥተን አይተናል። ቦርሳውን አሳምሮ፣ ሳይውል ሳያድር ሰፍቶ አስረከበው፤ "ሂድ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይከተልህ" ብሎ በሰው ፊት መረቀው። ልጁ ከሜዳው አፋፍ ደውሎ ነበር። "አባዬ፣ ውሃው ኪሱ ውስጥ እንደቀዘቀዘ ቆየልኝ" አለው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ከወደቡ የተመለሱት አላየነውም ይላሉ። ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም።

እናቱ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። አንሶላ አጥፋ ስትጨርስ ስልኩን ትሞክራለች። የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም የምትለዋን ድምፅ እንደ ጎረቤት ለምዳታለች። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ "ይቺ ልጅ ግን አይሰለቻትም?" ብላ ሳቀች። ወዲያው አፏን በሻሿ ሸፈነችው።

ታናሹ አድጎ ሰው ሆኗል። በቤት ውስጥ ጩጬ ይሉታል፤ የአባቱን ሱቅ በር ጎንበስ ካላለ ግንባሩን የሚመታው ወጣት ሆኖም ጩጬነቱ አልቀረለትም። አንድ ረፋድ ሸራው ያዘዘኝን ዚፕ ይዤ እሱ ሱቅ ገብቼ ሳለ ጩጬ መጣ።

"አባዬ፣ እኔም ልሄድ ነው።"

"ወዴት?" አለ ሸራው፣ ወዴት እንደሆነ እያወቀ።

"ወደቡ። ከጓደኞቼ፣ ከዳቦ ጋጋሪውና ከጸጉር አስተካካዩ ጋር። ሙቀቱ ሳይበረታ ሜዳውን እናልፋለን። ሥራም እሠራለሁ፣ ወንድሜንም እፈልጋለሁ። የጠፋው መርፌ አይደለም እኮ፤ ሰው ነው።"

የሸራው እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ደርቆ ቀረ። የሚናገር መስሎኝ አፉን አየሁት። እጁ ጨርቁን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አጠፈው።

"እንግዲያው ቦርሳ ያስፈልግሃላ" አለ በመጨረሻ።

ልጁ ተደስቶ ወጣ። እኔም ሳልጠይቀው ሸራው ራሱ ተናገረ። "ምን ልበለው ጎረቤት? ታላቁን መርቄ ሰድጄ ታናሹን አትሂድ ልበለው? አትሂድ ካልኩት እኮ ወንድምህ ሞቷል ማለቴ ነው። ይህን ቃል እናቱ እየሰማች እንዴት ከአፌ ላውጣው?"

ወደ ሱቄ ተመልሼ ስለ ሁለቱም ልጆቹ ጸለይኩ።

ቦርሳው ተጀመረ። ጩጬ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ጠማው፣ ዘነበበት፣ ጎማው ተነፈሰ። ጠጋኙ ማዶ ሆኖ ጮኸ፣ እኛም ሳቅን። ሚስትየዋ ግን ከሥራ ስትመለስ ይህን አይታ አልሳቀችም። ሱቁ ውስጥ ገብታ በሩን መለስ አደረገችው፤ ግድግዳችን ስስ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ልብ የሚባል ነገር አልፈጠረብህም? አንዱን ሰፍተህ ሰደድከው። አሁን ደግሞ ይሄንን ለመስደድ መቀስ ትስላለህ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ!"

"ቦርሳው ሳያልቅ አይሄድም" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እና መቼ ነው የሚያልቀው?"

መልስ አልሰማሁም። ከዚያ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ።

በማግስቱ ከልጇ ጋር መጥታ ቦርሳውን አገላበጠችው። "ለሳሙና የሚሆን ኪስ የለውም እኮ" አለች ጮክ ብላ። "እርጥብ ሳሙና ከልብስ ጋር ሊከተት ነው?"

"እውነትሽን ነው" አለ ሸራው፤ ፈጠን ብሎም የጎኑን ስፌት በምላጭ ይፈታ ጀመር።

"ለመርፌና ለክርስ?"

"እሱም ይጨመራል።"

"ለማበጠሪያስ?"

ጩጬ ጸጉሩን ዳሰሰ። "እማዬ፣ ጸጉር አስተካካይ እኮ ይዤ ነው የምሄደው!"

ሁሉም ሳቁ። እናቱ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ በዚያ ቤት እንደዚያ ሲሳቅ ከሰማሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

ኪሱ በዛ። የጨው ኪስ ተጨመረ፣ እንዳይርስ ላስቲክ ተለጠፈለት፤ አቻው በቀኝ በኩል ስለጠፋ ቀኙም ተፈታ። የመድኃኒት ኪስ ከተሰፋ በኋላ ተረከዝ ይመታል ተብሎ ተነሳ። ጠጋኙ፣ "ጋሼ ሸራው፣ ይሄ ቦርሳ ነው ቁም ሣጥን? በር ግጠምለትና እናከራየው!" አለ። ሸራው አብሮት ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከምላጩ ላይ አልተነሳም። በሥራው እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። የሰው ቦርሳ ቢሆን አንድ ጎን ሁለት ጊዜ ከሚፈታ እጁን ቢቆርጥ ይመርጣል።

ሁለቱ ጓደኞች መጡ። ብስክሌታቸው ተጭኖ፣ ውሃቸው ተሞልቶ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ትልቅ ሳቂታ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም።

"ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ቀጠርከን። ሙቀቱ እየመጣ ነው።"

"ጎኑ ተፈቷል እኮ ልጆች። አያችሁት አይደል? እንዲህ ሆኖ ይጫናል?"

"እስከ ነገ?"

"ነገ እንኳ... ክሩም አልቆብኛል።"

ክር እኔ ሱቅ ሞልቶ ነበር። ወደ እኔ አላየም፣ እኔም ወደ እሱ አላየሁም። ጩጬ ጓደኞቹን፣ "ትንሽ ጠብቁኝ" ሲል ሰማሁት፤ እነሱም ጠበቁት። ደግመውም መጡ። ጎኑ እንደገና ተፈቶ አገኙት። በመጨረሻ ጸጉር አስተካካዩ ጩጬን አቅፎ፣ "እዚያው እንገናኝ፤ አንተ ልጅ ጸባይህን አሳምር" አለውና ሄዱ። ጩጬ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሮጦ ሸኛቸው።

ያን ምሽት እናትየዋ ሱቄ ገብታ እጄን ይዛ ሳመችው። "ቀረልኝ" አለች። እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ቀኖች መልካም ነበሩና ያንን ተመስገን ዛሬም መልሼ አልወስደውም። ጩጬ ጠዋት ጠዋት አባቱ ሱቅ ይገባ ጀመር። ሸራው መቀስ አያያዝ አስተማረው፤ ሸራ በእጅ ዳስሶ የድርና ማጉን መንገድ ማወቅ አስተማረው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ ከመኪናው ድምፅ ጋር የሸራው ማንጎራጎር በግድግዳዬ ይገባል። ድምፁ የማያምር ሰው ነው፤ ግን ሰማሁት፣ ደስም አለኝ።

አንድ ቀን ሸራው ጥላ ሊሰቅል ወጥቶ ሳለ ጩጬ ብቻውን ቀረ። አባቱን ሊያስደስት ፈልጎ ይሁን ወይም ሊለማመድ፣ ያንን ቦርሳ አውጥቶ ጎኑን ሊዘጋው ተቀመጠ። የስፌት መኪናውን ድምፅ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ምን ሆነ ብዬ ብቅ ስል ልጁ በሩ ላይ ቆሞ የቦርሳውን ጎን ወደ ፀሐዩ ዘርግቶታል። የመርፌው ቀዳዳ ተደራርቦ፣ የስፌቱ ዳር ወንፊት መስሎ ብርሃን ያሳልፋል። ልጁ አሁን ሸራ ያውቃል። ያስተማረው አባቱ ነው።

ሸራው መሰላሉን ተሸክሞ ሲመለስ ልጁ እንደዚያው ቆሞ ነበር።

"አባዬ፣ ይሄ ጎን ስንቴ ነው የተፈታው?"

ሸራው መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

"ለሳሙና አልነበረም አይደል? ለጨውም አልነበረም።"

"ልጄ..."

"አትሂድ ብትለኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል እኮ ነው።"

"ብልህ ትቀር ነበር?"

"እኔ እንጃ። እቀር ይሆናል። ካልቀረሁም ከጓደኞቼ ጋር እሄድ ነበር። አሁን እነሱም ሄዱ፣ ሙቀቱም ገባ፣ ወንድሜም እንደጠፋ ነው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የማበጠሪያ ኪስ ሳስሰፋ!"

ሸራው አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ቃሉ አንድ ነበር፤ ልጁም ቆሞ እየጠበቀው ነበር። የሸራው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ እጁ ወደ ልጁ ተዘረጋ። ከዚያ እጁ አየር ላይ እንዳለ አቅጣጫ ቀይሮ ቦርሳውን ያዘ።

"ስጠኝ፣ አሁኑኑ እዘጋልሃለሁ" አለ።

ልጁ ቦርሳውን ለቀቀለትና ወጣ።

በማግስቱ ማልዶ፣ ሱቄን ስከፍት፣ ጩጬ ከጠጋኙ ሱቅ ፊት ብስክሌቱን ሲያስነፋ አየሁት። ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ፣ በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠፍንጎ የኋላ መጫኛው ላይ አስሮታል። ውሃው በገመድ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ጠጋኙ ያን ቀን አልቀለደም። "ብቻህን ነህ?" አለው። "እደርስባቸዋለሁ" አለ ልጁ። እኔም ሮጬ ወጥቼ ለመንኩት፤ እናትህን ጠብቅ፣ አባትህን ጠብቅ አልኩት። ጉልበቴን ሳመኝ። "ጸልይልኝ እንጂ አታስቀረኝ" ብሎኝ ወጣ።

ሸራው ሌሊቱን ቦርሳውን ሲዘጋ አድሮ ኖሮ አዲስ ጎን ቆርጦ ለውጦለት፣ ታቅፎት መጣ። ጠጋኙ መንገዱን በአገጩ አሳየው። ሸራው ሮጠ። በዕድሜው የከበደ ሰው ነው፤ የቦርሳው ግራና ቀኝ ጉልበቱን እየመታው እስከ መታጠፊያው ሮጦ እዚያ ቆመ። ስንደርስበት መንገዱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ስልክ የሚደውለው አሁን ሸራው ራሱ ነው፤ እናትየዋ ሁለት ቁጥር መሞከር አልቻለችም። ሙቀቱ በረታ። እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንኳ መተንፈስ አቃተን፤ ስለ ሜዳው አንድም ሰው አላነሳም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሸራው ስልክ ጠራ። እኔም ጠጋኙም ሰምተን ሮጥን። እናትየዋ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ከሥራ መመለሷ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ነው የደወለው። ደስታ የሞላበት ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለእኔና ለጠጋኙ ይሰማል።

"ጋሼ ሸራው! ደረስን እኮ! ሥራም ጀመርን። ያ ጩጬ ምን አለ? ቦርሳው አላለቀም እንዴ እስካሁን? እንዲመጣ ንገረው፣ ቦታ ይዘንለታል!"

ሸራው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቀረ። "ጋሼ? ጋሼ ትሰማኛለህ?" ይላል ልጁ። ሸራው ስልኩን ዘጋው።

"ምን አሉ?" አለች ሚስቱ። ፊቷ በርቶ ነበር፤ ከደጅ ስትገባ የሰማችው ሳቁን ብቻ ነው። "አብረው ናቸው? ደረሰ?"

"አልደረሰም" አላት ሸራው።

የምሳ ዕቃዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። ልቅሶ ቢመጣላት ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሸራው ማሽኑን ቀን ሳይመሽ ሸፍኖ ከከተማው ዳር ወዳለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ አብሬው እሄዳለሁ። ብዙዎቹ ሹፌሮች ያውቁታል፤ የመኪናቸውን ልብስ የሰፋው እሱ ነው። ከሜዳው የገባ መኪና ባየ ቁጥር ይጠጋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ሹፌር ከመኪናው ወርዶ አቧራውን ከፊቱ እየጠረገ በትዕግሥት ሰማው። እኔም ከጎኑ ቆሜ ነበር።

"ወንድሜ፣ ብቻውን በብስክሌት የሚሄድ ወጣት አላያችሁም? ረጅም ነው፣ ቀጭን።"

"ብስክሌተኛ እናያለን። ከላይ ሆነን ግን መልክ አይታየንም፤ ሁሉም ፊቱን በጨርቅ ጠምጥሟል። የምንለያቸው በጭነታቸው ነው። አንዱ ቀይ ቦርሳ አለው፣ አንዱ አረንጓዴ፤ በዚያ እናስታውሳቸዋለን፣ ለሚጠይቀንም በዚያ እንናገራለን።" ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። "የልጅህ ቦርሳ ምን ዓይነት ነው?"

ሸራው አፉን ከፈተ። መናገር እንዳቃተው ያወቅሁት እጄን ሲይዘኝ ነው። እኔ ልመልስለት ስል ቀደመኝ።

"ቦርሳ የለውም" አለ።

ሹፌሩም፣ "እንግዲህ ዓይናችንን እንጥላለን" ብሎ ጎማዎቹን እየረገጠ ሊፈትሽ ሄደ። ሌላ መኪና ከሜዳው በኩል ሲገባ አየን፤ ሸራው እጄን ለቆ ወደዚያ ተራመደ።